ውሃ አለመጠማት በቻይና ባህላዊ ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውሃ አለመጠማት በቻይና ሕክምና በሽታ ነው?

አይደለም፤ ምልክት ነው። ቻይናውያን «ኮው ቡ ከ» ይሉታል፤ «አፍ አይጠማም» እንደ ማለት ነው። ሐኪሙ ስለ ጥም የሚጠይቀው አንድ ነገር ለመለየት ነው፦ የሰውነት ፈሳሽ ተነክቷል ወይስ አልተነካም? ሙቀት የበረታበት ሰው ፈሳሹ ስለሚነድ ውሃ ውሃ ይላል። ብርድ የገባበት ወይም እርጥበት ያቆረበት ሰው ግን ፈሳሹ እንዳለ ስለሆነ ውሃ ትዝም አይለው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ቀኑ ደመናማ ከሆነና ሾርባና ሻይ ሲጠጣ ከዋለ አይጠማውም። ስለዚህ «አይጠማኝም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይፈርድም። ከምላስ፣ ከትርታ፣ ከሽንትና ከሰገራ ጋር ሲነበብ ነው የሚናገረው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ቦታ ይሰጠዋል?

በቻይና ሕክምና አራት የምርመራ መንገዶች አሉ፦ ማየት፣ መስማትና ማሽተት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ። የሚንግ ዘመኑ ሐኪም ዣንግ ጂንግዩዌ (1563–1640 እ.ኤ.አ.) ሐኪም ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ነገሮች ተማሪ በቃሉ እንዲይዛቸው በግጥም ደርድሯቸዋል። በዚያ ግጥም ውስጥ ጥም 8ኛው ነው።

ዋናው መሠረት ግን ከእሱ በጣም ይቀድማል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ዣንግ ዦንግጂንግ ያዘጋጀው «ሻንግ ሃን ሉን» በብዙ ቦታ መድኃኒቱን የሚለውጠው በዚህች በአንዲት ጥያቄ ነው። በድንገት የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ በሽታ ይዞት፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበትን ሰው ያስቡ። ሙቀቱ አይሎ ውሃ ካሰኘው መጽሐፉ «ዉ ሊንግ ሳን» ያዝዛል። ብርዱ አይሎ ውሃ ካላሰኘው «ሊ ዦንግ ዋን» ነው። የመጀመሪያው የታቆረውን ውሃ ወደ ሽንት የሚያወርድ ሲሆን ሁለተኛው ሆድ የሚያሞቅ ነው። በሽታው አንድ ዓይነት ይመስላል፤ የሚለያቸው ጥሙ ነው።

ሌላም አለ። መጽሐፉ በሽታን በስድስት ክፍል ይመድባል፤ የሚቀመጥ ግን የማይጠማው ሰው «ታይዪን» ከሚባለው ክፍል ይመደባል፤ ምክንያቱም ብርዱ ውስጡ ገብቷል። እየተቀመጠ የሚጠማው ደግሞ «ሻውዪን» ነው፤ አቅም ስላጣ ራሱን ለማዳን ውሃ ይጎትታል ይላል ጽሑፉ። ይህ ሁለተኛው ጀማሪዎችን ያሳስታቸዋል፤ ጥም ሁሉ የሙቀት ምልክት ነው ብለው ይዘው ስለሚመጡ ነው።

ከውስጥ ምን እየሆነ ነው ተብሎ ይታሰባል?

እሳት ላይ የተጣደ ድስት ያስቡ። ውሃው ከታች ነው፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ክዳኑን ያረጥባል። በቻይና ሕክምና አባባል ጨጓራ የበላነውንና የጠጣነውን ይቀበላል፣ ጣፊያ ያጣራውና ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ሳንባ በየአካሉ ይረጨዋል፣ ኩላሊት ከሥር እሳቱን ይይዛል። ክዳኑ አፍ ነው።

ውሃው በእሳት ብዛት ሲያልቅ ክዳኑ ይደርቃል፤ ይህ የታወቀው ጥም ነው። ውሃው ሞልቶ እሳቱ ለስለስ ያለ ከሆነና ክዳኑ ከረጠበ አይጠማም። ችግሩ ሦስተኛው ነው፦ ድስቱ ውሃ ሞልቶት እሳቱ ሲደክም ወይም የሆነ ነገር መንገዱን ሲዘጋው እንፋሎቱ አይደርስም። ያኔ ክዳኑ ይደርቃል፣ ድስቱ ግን ተጨማሪ ውሃ አይፈልግም። አፉ የሚደርቅ፣ ውሃ ግን የማይወርድለት ሰው እዚህ ላይ ነው ያለው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ «ጣፊያ» ሲባል በአልትራሳውንድ የሚታየው አካል ማለት አይደለም። የምግብና የፈሳሽ ልወጣ ሥራ በሙሉ የሚጠራበት ስም ነው። «ጣፊያዎ ደክሟል» የተባለ ሰው ደንግጦ የጣፊያ ምርመራ ሊያሠራ አይሂድ።

አለመጠማትና «አፌ ይደርቃል፣ ውሃ ግን አያሰኘኝም» አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። አማርኛችን ራሱ ይለያቸዋል፦ «ጠማኝ» ሌላ፣ «አፌ ደረቀ» ሌላ። ቻይናውያን ሁለተኛውን «ከ ቡ ዩ ዪን» ይሉታል፤ ጥም አለ፣ የመጠጣት ፍላጎት ግን የለም። ከጀርባው ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሕክምናቸውም ይለያያል።

እርጥበትና ሙቀት ሲደባለቁ፦ ሙቀቱ አፍ ያደርቃል፣ እርጥበቱ ሆድ ስለሞላ ውሃ አይገባም። ራስና እግር ይከብዳል፣ ምላስ ላይ ቢጫና የሚያጣብቅ ሽፋን ይታያል፣ አፍ ያጣብቃል።

በጨጓራ አካባቢ ፈሳሽ ሲታቆር፦ ሰውየው ትኩስ ነገር ይወዳል፣ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ፉት ብሎ ያቆማል። ብዙ ከጠጣ ሆዱ ውስጥ ይንቦጫቦጫል፣ ወይም ያስመልሰዋል። ጠጥቶ ወዲያው የሚያስመልስ ከሆነ ጥንታዊው ጽሑፍ «የውሃ መመለስ» ብሎ ለብቻው ይጠራዋል፤ እዚህም ዉ ሊንግ ሳን ነው የሚታዘዘው።

የዪን ጉድለት (ሰውነትን የሚያቀዘቅዘውና የሚያረጥበው ወገን ሲያንስ)፦ ድርቀቱ ማታና ሌሊት ይብሳል፤ ሰውየው ከእንቅልፉ ነቅቶ አንድ ጉንጭ ውሃ ይዞ አፉን አርጥቦ ይተኛል። ምላሱ ቀይ፣ ሽፋኑ ጥቂት ወይም የለም፤ መዳፍና የውስጥ እግር ይሞቃል።

ሙቀት ወደ ጥልቁ ሲገባ፦ በከባድ ትኩሳት ወቅት ቀድሞ በጣም ይጠማው የነበረ ሰው ጥሙ ይቀንሳል፣ ትኩሳቱ ግን ማታ ማታ ይብሳል፤ ምላሱ ጥቁር ቀይ ይሆናል። ይህ መሻሻል አይደለም። ቤተሰብ «ደግ ነው፣ ጥሙ ተወው» ብሎ የሚዘናጋበት ሰዓት ነው፤ በዛሬ ዘመን ይህን ሰው ሆስፒታል ማድረስ ነው።

የደም ዝውውር መታገድ፦ ሰውየው አፉን መጉመጥመጥ ይፈልጋል፣ መዋጥ ግን አይፈልግም። «ጂንግዊ ያውሉዌ» የሚባለው፣ ከዚያው ከዣንግ ዦንግጂንግ የወረደው ጽሑፍ ይህን ከሰማያዊ ምላስና ከደረቀ ከንፈር ጋር አያይዞ ይጠቅሰዋል። ከማውቃቸው ምልክቶች ሁሉ እንደዚህ በአንድ እንቅስቃሴ የተሳለ የለም፦ ውሃውን አፉ ውስጥ አንገዋሎ ይተፋዋል።

ከእነዚህ ውጭ መድኃኒትም አፍ ያደርቃል። የአለርጂ ክኒኖችና አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ምራቅ ይቀንሳሉ፤ ያኔ የሚደርቀው አፍ እንጂ ሰውነት አይደለም። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

«ብርድ» ሲባል የእኛው «ብርድ መታኝ» ነው?

በከፊል ይገናኛሉ። በቻይና አባባል ግን ብርድ ከውጭ ነፋስ ጋር ብቻ የሚገባ አይደለም፤ የሰውነት ሙቀት ሲደክም ከውስጥም ይመነጫል። ዓመቱን ሙሉ በረዶ ውሃና ጥሬ ምግብ የሚያዘወትር ሰው ብርድ ሳይመታው የሆድ ብርድ ሊኖረው ይችላል።

የማይጠማኝ ከብርድ ይሁን ከእርጥበት በምን ልለይ?

የሆድ ብርድ ያለበት ሰው ሆዱን ሲጫኑትና ሲያሞቁት ይሻለዋል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ሰገራው ይላላል፣ ሽንቱ ብዙና እንደ ውሃ ንጹሕ ነው። ምላሱ የገረጣ፣ ሽፋኑ ነጭና እርጥብ ነው፤ ትርታው ጥልቅና ዘገምተኛ ይሆናል።

እርጥበት ያለበት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያወራው ስለ ክብደት ነው። «ጭንቅላቴ ላይ እርጥብ ፎጣ የተጠመጠመ ይመስለኛል» ይላል። ደረቱ ይታፈናል፣ ምግብ አያሰኘውም፣ ምላሱ ወፈር ብሎ ዳርና ዳሩ ላይ የጥርስ ምልክት ይታይበታል፣ ሽፋኑ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው። በ1798 የተጻፈው የዉ ጁቶንግ «ዌንቢንግ ትያውቢየን» የእርጥበት ትኩሳትን ሲገልጽ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የሰውነት ክብደትና ቁርጥማት፣ ነጭ ምላስ፣ *አለመጠማት*፣ የደረት መታፈን፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ብሎ ይዘረዝራል። ትኩሳት እያለ አለመጠማቱ ነው ቁልፉ። እዚያው መጽሐፉ ሐኪሙን ያስጠነቅቃል፦ ብርድ ነው ብለህ ላብ አታስወጣው፣ የሆድ ሙላት ነው ብለህ አታስቀምጠው፣ የዪን ጉድለት ነው ብለህ አታርጥበው። ሦስቱም ያባብሱታል።

ገና በጀመረ ጉንፋን ላይ፣ ብርድ ብርድ እያለና ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭን ሆኖ ካልጠማ፣ ብርዱ ገና ላይኛው ላይ ነው። ጉሮሮ ከቀላና መጠማት ከጀመረ ወደ ሙቀት ዞሯል።

ሐኪም ዘንድ ከመሄዴ በፊት ምን ልመዝግብ?

ሦስት ቀን ይበቃል፤ ሳምንት ሙሉ የሚመዘግብ ሰው አላየንም። አንድ የታወቀ መጠን ያለው ብርጭቆ (ለምሳሌ 250 ሚሊ ሊትር) ይያዙና በዚያ ብቻ ይጠጡ። በየጊዜው የሚጽፉት ይህን ነው፦ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ቀዝቃዛ ነው ለብ ያለ ወይስ ትኩስ፣ ጭልጥ አድርገው ጠጡት ወይስ በፉት። ከዚያ ሩብ ሰዓት ቆይተው ሆድዎ ምን እንዳለ ይጻፉ፤ ተነፋ፣ ተንቦጫቦጨ፣ አቅለሸለሸ፣ ወይስ ምንም። የሽንት ቀለምና ሌሊት የተነሡበትን ቁጥር ያክሉ።

ቡና፣ ሻይ፣ ሾርባና ፍራፍሬም ይጻፋሉ። «ውሃ አልጠጣም» ብሎ በቀን ስድስት ስኒ ሻይ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነው። ተቃራኒውም አለ፦ ቀኑን ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ከእጁ የማይለይ ሰው መቼም ጥም አይሰማውም፣ ስለዚህ የእሱ «አይጠማኝም» ምንም አያስረዳም። እንዲህ ዓይነት ልማድ ካለዎት ጤነኛ ከሆኑና ቀዝቀዝ ያለ ቀን ከሆነ፣ ከቁርስ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠርሙሱን አስቀምጠው ሰውነትዎ ይጠራ እንደሆነ ይጠብቁ። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን አይሞክር።

ምላሴን እንዴት ልየው?

ጠዋት፣ ጥርስ ሳይቦርሹ፣ ቡና ሳይጠጡ፣ መስኮት አጠገብ። አምፖል ቢጫ ብርሃን ስለሚሰጥ ነጩን ሽፋን ቢጫ ያስመስለዋል። ምላስዎን ዘና አድርገው ያውጡ፤ ከ10 ሴኮንድ በላይ ካቆዩት ወይም አጥብቀው ከገፉት ይቀላል። እርድ፣ ቡናና ከረሜላ ቀለም ይተዋሉ። ምላስዎን የመፋቅ ልማድ ካለዎት ለሦስቱ ቀን ይተዉት፤ የተፋቀ ምላስ ሽፋን የለውም፣ ሐኪሙም የዪን ጉድለት ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ መጠማት ጀመርኩ። መድኃኒቱ አልተስማማኝም ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። «ሻንግ ሃን ሉን» ብርድና የታቆረ ውሃ ይዞት የሚያስለው፣ ትንሽ የሚያለከልከውና የማይጠማው ሰው «ሺያው ቺንግ ሎንግ ታንግ» ጠጥቶ ጥም ከመጣበት፣ «ብርዱ ወጥቷል፣ ሊፈታ ነው» ይላል። ስለሚያስመልሰው ሰው «ጂንግዊ ያውሉዌ» የሚለውም ይህንኑ ነው፦ የሚያስመልሰው ሰው ወትሮ ይጠማዋል፣ ጥሙ የመሻሉ ምልክት ነው፤ ካልጠማው ግን ከልቡ በታች ፈሳሽ ቆሟል፣ «ሺያው ባን ሺያ ታንግ» ይሰጠው።

ያኔ አንድ ሊትር ውሃ መገልበጥ ግን ስሕተት ነው። መመሪያው «ትንሽ ትንሽ ይሰጠው፣ ጨጓራው ሲስማማ ይድናል» የሚል ነው። በሩብ ሰዓት ልዩነት ሁለት ሦስት ጉንጭ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ጥሙ ግን ጠጥተው የማይረኩበት፣ ቀዝቃዛ ብቻ የሚያስመኝ፣ ከአፍ ቁስልና ከሰገራ ድርቀት ጋር የመጣ ከሆነ የሚያሞቀው መድኃኒት በዝቶብዎታል፤ አቁመው ያዘዘልዎትን ሰው ያናግሩ።

ምን ምን ይታዘዛል? መጠኑስ?

ለሆድ ብርድ ሊ ዦንግ ዋን፦ ጂንሰንግ፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ «ባይ ዡ» የሚባል ሥርና የሊኮሪስ ሥር፣ አራቱም እኩል እኩል። በጥንቱ አዘገጃጀት እያንዳንዳቸው 3 ሊያንግ (የቻይና የክብደት መለኪያ) ናቸው፤ መድኃኒቱን ከጠጡ በኋላ አንድ ሸንግ ያህል፣ ማለት 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ትኩስ የእህል ሙቅ ጠጥቶ ልብስ ሳያወልቁ መሞቅ ታዝዟል። ይህን ሙቅ ዘልሎ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ግማሹን ትቶታል።

ለታቆረ ፈሳሽና ማቅለሽለሽ ሺያው ባን ሺያ ታንግ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ባን ሺያ» የሚባል ሥርና እርጥብ ዝንጅብል። ለእርጥበት ትኩሳት ሳን ረን ታንግ፣ «ሦስቱ ፍሬዎች»፦ የአፕሪኮት ፍሬ ውስጥ ለላይኛው የሰውነት ክፍል፣ ነጭ ሄል ለመካከለኛው፣ «ዪ ዪ ረን» የሚባለው እህል ለታችኛው ክፍል፤ ሌሎች አምስት ቅመሞችም ይጨመሩበታል።

ከመጽሐፍ ላይ መጠን ገልብጦ መቀመም አደገኛ ነው። የሃን ዘመን ሊያንግ በሥነ ቁፋሮ ሚዛን 15 ግራም ገደማ ነው፤ አብዛኛው የዛሬ ሐኪም ግን አንዱን ሊያንግ 3 ግራም አድርጎ ያሰላል። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። ዛሬ ለደረቅ ዝንጅብል የተለመደው ከ3 እስከ 10 ግራም፣ ለተዘጋጀ ባን ሺያ ከ3 እስከ 9 ግራም በቀን ነው። ጥሬ ባን ሺያ መርዝ ነው፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ብርዱ ለከፋበት ሰው የሚጨመረው «ፉ ዚ» የሚባል ሥር አኮኒታይን የሚባል የልብ ምት የሚያዛባ መርዝ ስላለው በሙያ ካልተዘጋጀና ረዘም ላለ ጊዜ ካልፈላ ይገድላል። ሊኮሪስ ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል፤ ሺያው ቺንግ ሎንግ ታንግ ውስጥ ያለው «ማ ኋንግ» ኤፌድሪን ስላለው ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት አይሆንም። ግፊት ያለብዎት ሰው ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

በቤቴ ምን ላድርግ?

ምላስዎ የገረጣ፣ ሆድዎ ቀዝቃዛ ከሆነ በዝንጅብል ይጀምሩ። 10 ግራም ያህል እርጥብ ዝንጅብል (አምስት ስድስት ስስ ቁራጭ ነው) በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ ያፍሉና ለሁለት ከፍለው ከቁርስና ከምሳ በኋላ በትኩሱ ይጠጡ። ምላስዎ ቀይና ሽፋን አልባ ከሆነ፣ አፍዎ ከቆሰለ፣ ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ይተዉት።

ሁለተኛው የሩዝ አጥሚት ነው። ግማሽ ስኒ ሩዝ አጥበው በ5 ስኒ ውሃ ይጣዱ፤ ከፈላ በኋላ በለስላሳ እሳት ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይንተክተክ። እህሉ ፈርሶ ከውሃው ጋር አንድ ሲሆን ደርሷል። ቶሎ ያወጡት ሩዝ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ስለሚቀር ለደከመ ሆድ አይቀልም። ሊያወጡት 10 ደቂቃ ሲቀር ሦስት ቁራጭ ዝንጅብልና ትንሽ ጨው ይጨምሩ። ለማይጠማው ሰው ፈሳሽ የሚገባበት ጥሩ መንገድ ነው፤ ውሃ አልጠጣም ያለ ሰው አጥሚት እምቢ አይልም።

እርጥበት ካለብዎት ጣፋጭ፣ ቅባት፣ ወተትና በረዶ ውሃ ይቀንሱ። ኮረሪማ ነጩን ሄል ይተካ እንደሆነ ይጠይቁናል። ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው፣ ሽታቸውም ይቀራረባል፤ ተክሉ ግን ሌላ ነው። ቡናና ወጥ ላይ ይጠቀሙበት፣ በመድኃኒት ማዘዣ ውስጥ ግን አንተካውም።

አኩፓንክቸርና ሞክሳስ?

ለብርድና ለእርጥበት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሞክሳ ነው፤ ከአሪቲ ጋር አንድ ወገን የሆነ ቅጠል ደርቆና ተወቅጦ፣ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ጫፉ ይለኮስና ቆዳ ይሞቅበታል። የተለመደው ነጥብ «ዙ ሳን ሊ» ነው። ጉልበትዎን አጥፈው ይቀመጡ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች በውጭ በኩል ያለውን ጎድጓዳ ያግኙ፣ ከዚያ በራስዎ አራት ጣት ወደ ታች፣ ከቅልጥም አጥንት ጠርዝ አንድ ጣት ወደ ውጭ። የጋለውን ጫፍ ከቆዳው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አርቀው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዙ፤ ቆዳው ሮዝ ሲሆን ይበቃል። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ቃጠሎው ስለማይሰማው አይሞክር። መስኮት ይክፈቱ።

መርፌው ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የቻይና ሐኪሞች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአዲስ አበባ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች ይሠራሉ።

ካልጠማኝ ሳልጠጣ ልዋል?

የቻይና ሕክምና ያለ ጥም ውሃ በግድ መጋትን አይወድም፤ ለደከመ ሆድ ይህ ትክክለኛ ምክር ይመስለናል። ግን ጥም ሁልጊዜ የሚታመን ደወል አይደለም። በዘመናዊው ሕክምና መሠረት ደም ውስጥ የሟሟው ጨውና ሌላው ነገር ክምችቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲጨምር አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ጥም ይቀሰቅሳል። ሰው ሲሸመግል ይህ ደወል ይደክማል፤ አያት «አልጠማኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፣ ሰውነታቸው ግን እየደረቀ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሽንት ይዳኝ። ካልጠማና ሽንቱ ብዙና ንጹሕ ከሆነ ማስገደድ አያስፈልግም። ካልጠማና ሽንቱ ጥቂትና ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሙን ሳይጠብቁ ይጠጡ። ለአረጋውያን ከእያንዳንዱ ምግብና ክኒን ጋር ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ መስጠት ከልመና ይሻላል። ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ፈሳሽ የተመጠነለት ሰው ግን የሐኪሙን መጠን ይጠብቅ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ይህ ሁሉ ፍልስፍና አይሠራም። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ጠማም አልጠማም። በሰዓት ከ1.4 ሊትር አይለፍ።

መቼ ነው ቀጥታ ሆስፒታል?

ከተቅማጥና ከማስመለስ ጋር መድከምና የሽንት መጥፋት ከመጣ፤ መጀመሪያ ኦአርኤስ፣ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ መስጠትና መሄድ ነው። ትኩሳት ያለው ሰው መቃዠት ከጀመረ። ከጭንቅላት ጉዳት ወይም ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ ጥም ጨርሶ ከጠፋ፤ ሃይፖታላመሱ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል የደም ሶዲየም ይለካ (ጤነኛው ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር ነው)። እነዚህን በዝንጅብል አያቆዩአቸው።

ሐኪሙ «ይጠማዎታል?» ብሎ ብቻ ቢያልፍስ?

«አይ» ብለው አያቁሙ። «በቀን ሦስት ብርጭቆ፣ ለብ ያለ፣ በፉት፤ ከጠጣሁ በኋላ ሆዴ ይንቦጫቦጫል፣ ሌሊት አንዴ ለሽንት እነሣለሁ» ይበሉት።